የክረምት ወይን በኪስ አቅም፦ ከከተማ ዳር ሆነን እንዴት እንማር?

የሱሉልታ_ነዋሪ | ሐምሌ 8፣ ማታ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት ቤተሰቦች።

ሐምሌ ገብቷል። እዚህ ሱሉልታ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከእንጦጦ ጀርባ ወርዶ ደጁን ከዘጋው ወዲያ መውጣት የለም፣ ሰውም ቤቱ ነው። የሰኔ ጾም ተፈቷል፣ ፍልሰታ እስኪገባ ጥቂት ሳምንታት አሉ። ወይን መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም ባይ ነኝ።

አንደኛው ምክንያት ብርዱ ነው። ቀይ ወይን ጥሩ የሚሆነው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። «በክፍል ሙቀት ጠጡት» የሚለው ምክር የወጣው ማሞቂያ ካልነበረው የአውሮፓ ድንጋይ ቤት እንጂ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይደለም። በሚያዝያ ገላን ወይም ዱከም ቤት ውስጥ የዋለ ቀይ ወይን ሲቀዳ መጀመሪያ አፍንጫን የሚመታው አልኮሉ ነው፤ የፍሬው መዓዛ ይዋጣል። እኛ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። በዚህ ወቅት የሳሎን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ ያለ ፍሪጅ፣ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም፣ ልክ በሚፈለገው ሙቀት ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። የውጭ ወይን ላይ ቀረጥና ኤክሳይዝ ታክስ ስለሚደራረብበት የአገር ውስጡ በብዙ ይቀላል። ለመማር ደግሞ አንድ ውድ ጠርሙስ ብዙም አይረዳም። ብቻውን የተቀመሰ ወይን «ይጣፍጣል» ወይም «አልጣመኝም» ከማስባል አያልፍም። ሁለት ሦስት ጠርሙስ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው ምላስ ልዩነት መፈለግ የሚጀምረው።

ለጀማሪ የምመክረው የካስትል ወይን ፋብሪካን፣ ሪፍት ቫሊ የሚባሉትን ቀዮች ነው፦ ሜርሎ፣ ሲራ እና ካቤርኔ ሶቪኞ። ሦስቱም ከዝዋይ ናቸው፣ አንድ አገር አፈርና አንድ ፋብሪካ። ዋናው ልዩነታቸው የወይኑ ዝርያ ስለሆነ የቀመሳችሁት ልዩነት ከየት እንደመጣ ማወቅ ቀላል ነው። 750 ሚሊ ሊትር ከሚይዝ ጠርሙስ 50 ሚሊ ሊትር እየቀዳችሁ 15 ቅምሻ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ስድስት ሰባት ሰው ተዋጥቶ ሦስት ጠርሙስ ቢገዛ ለሁሉም ይዳረሳል፣ ለእራትም ይተርፋል።

አንድ ነገር ግን ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊት ይደረግ። አራት ብርጭቆ ውሃ ቅዱ። በአንዱ ስኳር አሟሙ፣ በሁለተኛው ሎሚ ጭመቁ። በሦስተኛው ፈንታ ረጅም ሰዓት ቅጠሉ ውስጥ የቆየ፣ የቀዘቀዘ፣ ስኳር የሌለው ሻይ ይሁን። በአራተኛው ውሃ ላይ ትንሽ አረቄ ጠብ አድርጉ። በየተራ አፍ ውስጥ ያዝ እያደረጋችሁ ቅመሱ። ስኳሩን ሁሉም ያውቀዋል። ሎሚው ከጉንጭ ሥር ምራቅ ያመጣል፤ ወይን ውስጥ ያለው አሲድ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሻዩ ድድንና የከንፈርን ውስጥ ያደርቃል፣ ምላስን ሻካራ ያደርጋል፤ ይህ ታኒን ነው። አረቄው ጉሮሮ ላይ ይሞቃል። ብዙ ሰው ከእነዚህ የትኛውንም ሲያገኝ «ጠንካራ ወይን ነው» ብሎ ያልፋል። አራቱን ለየብቻ ካወቃችኋቸው በኋላ ግን ሦስቱን ጠርሙሶች ስትከፍቱ የትኛው የሚያደርቅ፣ የትኛው ምራቅ የሚያመጣ እንደሆነ ራሳችሁ ትናገራላችሁ።

እናንተስ በዚህ ወቅት ምን ትጠጣላችሁ? እንዴትስ ትማራላችሁ?

---

ማሕሌት_ለገጣፎ | ሐምሌ 8፣ ማታ 3:40

የአራቱን ብርጭቆ ነገር ወድጄዋለሁ፣ ቅዳሜ ከእህቶቼ ጋር እሞክረዋለሁ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቸግረኝ ሽታው ነው። ኢንተርኔት ላይ የማነበው ሁሉ «ብላክከረንት፣ ጉዝቤሪ» ይላል። አይቼው የማላውቀውን ፍሬ ወይን ውስጥ እንዴት ላገኘው እችላለሁ? ሌላው፣ እኛ ሰፈር ቀይ ወይን የሚጠጣው ከኮካ ወይም ከስፕራይት ጋር ተቀላቅሎ ነው። ያለዚያ የሚጠጣ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። ይህን ልማድ ትቃወማላችሁ?

---

ባለሆቴል_ልጅ | ሐምሌ 8፣ ማታ 4:55

እህቴ ማሕሌት፣ ብላክከረንቱን ተይውና ወደ ራስሽ ጓዳ ግቢ። እኔ ሆቴል ቤት ነው ያደግኩት፣ አሁንም ሥራዬ ምግብና መጠጥ ነው። አዲስ ልጆች ስናሠለጥን መጀመሪያ የምናሸትታቸው የቅመም ጣሳ ነው።

ሲራ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ፈልጊ። ይህ ሰው በምናቡ የሚፈጥረው ነገር አይደለም። ሮተንዶን የሚባል ውህድ አለ፣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያስታወቁት። የሲራን የቁንዶ በርበሬ ሽታ የሚሰጠው እሱ ነው፣ እውነተኛው ቁንዶ በርበሬ ውስጥም ያለው ያው ውህድ ነው። ካቤርኔ ላይ ደግሞ አሁን የተሰነጠቀ ቃሪያ ሽታ ፈልጊ። እሱም ፒራዚን ከሚባሉ ውህዶች ይመጣል፣ ፍሬው በደንብ ሳይበስል ሲለቀም ይጎላል። ሜርሎ ብዙ ጊዜ ወደ ፕሪም ይወስዳል፣ ለስለስ ይላል። ሻርዶኔ የሚባለውን ነጭ ከወሰድሽ ፖም ታገኛለሽ። አንዳንዱ ቅቤ ቅቤ የሚለውም ሁለተኛ መብላላት የሚባለውን ስላለፈ ነው፤ ባክቴሪያ ኮምጣጣውን የፖም አሲድ ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ ሲለውጥ የቅቤ ሽታ ያለው ውህድ አብሮ ይወጣል። ቫኒላና ጭስ ከተሰማሽ ወይኑ ከከረመበት የኦክ እንጨት በርሜል ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ከጠርሙሶቹ ጎን በትንንሽ ስኒ ቁንዶ በርበሬ፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ጦስኝ፣ አንድ የበሰለ ፕሪም ደርድሪ። ስኒውን አሽትቶ ወዲያው ብርጭቆውን ማሽተት ነው። ካሁን በፊት «ወይን ወይን ይሸታል» ሲል የነበረ ሰው በአንድ ምሽት ቃሪያውን ለይቶ ሲያወጣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ብርጭቆውን ከሢሶ በላይ አትሙዪው፣ ሽታው የሚሰበሰብበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ውድ ብርጭቆ መግዛት የለብሽም፣ አፉ ከሆዱ ጠበብ ያለ ከሆነ ይበቃል። ከመቅዳትሽ በፊት ግን ባዶውን አሽትቺው። በርበሬና ሽንኩርት ባለበት ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ብርጭቆ ያንኑ ሽታ ይዞ ይጠብቅሻል፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀሽ ማድረቅ ነው።

ኮካውን በተመለከተ፣ የሚጠጣው ሰው ደስ ካለው እኔ አልቃወምም። ስፔኖችም ቀይ ወይን በኮካ ቀላቅለው ይጠጣሉ፣ ካሊሞቾ ይሉታል። ግን ለመማር በተቀመጥሽበት ሰዓት አይሆንም። የኮካው ስኳርና አሲድ የወይኑን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ትምህርቱን በሥርዓት የሚፈልግ ካለ፣ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ ደብሊው ኤስ ኢ ቲ የሚባል ተቋም አለ። ኮርሶቹ በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው፣ የዓለም ሆቴሎች ያውቁታል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። የቅምሻው ቅደም ተከተል ግን ገንዘብ አይጠይቅም፦ መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ ማሽተት፣ ከዚያ መቅመስ፣ በመጨረሻ ፍርድ መስጠት። ፍርዱን ከመጨረሻ ማምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር ሰው የሚጀምረው ከፍርዱ ነው።

---

ቡራዩ_ማዶ | ሐምሌ 9፣ ጠዋት 1:20

እኔ በአንድ ነገር እለያለሁ። መማር ከሆነ ጣፋጩን መተው ነው። አክሱማይትና አካሺያ መካከለኛ ጣፋጭ የለመደ ሰው ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው፣ ወይን ሲሰጡት ፊቱን ያጨማድዳል። ጉደርን የመሰለ ደረቅ ቀይ፣ ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ያለ፣ በዋጋውም ከማንም የሚቀርብ እያለ፣ ስኳር የምንፈልግበት ምክንያት አይገባኝም።

---

ባለሆቴል_ልጅ | ሐምሌ 9፣ ጠዋት 3:05

ወንድሜ ቡራዩ፣ ጉደርን ስላነሳህ ደስ ብሎኛል፣ እኔም ቤቴ አይጠፋም። የጣፋጩን ነገር ግን አልቀበልህም። ወይን ጣፋጭ የሚሆነው እርሾው የፍሬውን ስኳር በሙሉ ወደ አልኮል ሳይለውጠው ሲቀር ወይም በኋላ ጣፋጭ ነገር ሲጨመርበት ነው። ጥራት ሌላ ነገር ነው። የፈረንሳዩ ሶተርን፣ የሃንጋሪው ቶካይ፣ የፖርቱጋሉ ፖርቶ ሁሉም ጣፋጭ ናቸው፤ ዓለም ከሚያከብራቸው ወይኖች ተራ ናቸው።

በዚያ ላይ የእኛን ገበታ አስብ። ሚጥሚጣና በርበሬ ሲኖር ታኒኑ ይበልጥ ይሻክራል፣ አልኮሉም ይበልጥ ያቃጥላል። ጣፋጭነት ደግሞ ቃጠሎውን ያበርደዋል። ዶሮ ወጥ ላይ ካቤርኔ ቅዳና አንድ ጉርሻ ጎርሰህ ጠጣ፣ ከዚያ ያንኑ ጉርሻ በአካሺያ መካከለኛ ጣፋጭ ወይም በአክሱማይት ሞክር። ምላስህ ራሱ ይፈርዳል። ደረቁን ቀይ ለጥብስና ለጎድን አስቀምጠው። ጮማውና ጨው ታኒኑን ያለዝቡታል፣ በርበሬው ካልበዛበት ሁለቱም ያምራሉ።

---

የሱሉልታ_ነዋሪ | ሐምሌ 9፣ ጠዋት 4:10

ይህን የዶሮ ወጥ ንጽጽር እኔም አውቀዋለሁ፣ ልክ ነው። አንድ ልጨምር፦ ጠጅ ያለበት ቤት ከሆነ ጠጁንም ጠረጴዛው ላይ አምጡት። ጌሾው ይመራል፣ የቀይ ወይን ታኒን ያደርቃል። ምሬትና መድረቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ምሬቱን ምላስ ላይ ታገኙታላችሁ፣ መድረቁን ድድ ላይ።

---

አቦጊዳ77 | ሐምሌ 9፣ ቀን 7:30

ስለ አገዛዝ ማንም ሳያነሳ እንዳያልፍ። ሰፈራችን ካለ አንድ ሱቅ የገዛሁት ነጭ ወይን ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዶ፣ የተቆረጠ ፖም ሲቆይ የሚያመጣውን ሽታ ይዞ አገኘሁት። ጠርሙሱ መስኮት ላይ ለዕይታ ቆሞ በጋውን በሙሉ ፀሐይ ሲመታው ነበር። ባለሱቁን ብጠይቀው «ወይን ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው» አለኝ፣ ሊቀይርልኝም አልፈቀደም። እንዲህ ያለውን ወይን ሰው ሲገዛ በምን ይለየዋል?

---

ባለሆቴል_ልጅ | ሐምሌ 9፣ ቀን 9:00

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ያገኘህ አየርና ሙቀት ያበላሸው ወይን ነው፣ ጤና ባይጎዳም ገንዘብህን በልቷል። «ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚባለው ለጥቂት ወይኖች ብቻ ነው፣ እነሱም በቀዝቃዛና በጨለማ ቦታ ተኝተው ከቆዩ። እኛ በኪሳችን አቅም የምንገዛው አብዛኛው ወይን በወጣ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው።

ስትገዛ መስኮት ላይ ያለውን ትተህ ከውስጥ መደርደሪያ ወይም ከካርቶን አውጡልኝ በል። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ በላይ ገፍቶ ከወጣ ወይም በጎኑ የፈሰሰ ምልክት ካለ ሙቀት አግኝቶታል፣ ተወው። ቶሎ የሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ይሻላል፣ ምክንያቱም ዕቃው አይከርምም። ቤት ስታስቀምጥ ቡሽ ያለውን አስተኛው፣ ቡሹ ከደረቀ አየር ያስገባል። በጥምዝ ክዳን የሚዘጋው ቢቆምም ግድ የለም።

ሌላ የምታገኘው ብልሽት የእርጥብ ካርቶን፣ የሻገተ ምድር ቤት ሽታ ነው። እሱ ከቡሹ የሚመጣ ነው፣ ውድ ጠርሙስ ላይም ያጋጥማል። ጤና አይጎዳም፣ ግን የፍሬውን መዓዛ ያጠፋዋል።

---

ሰንዳፋ_ብርድ | ሐምሌ 9፣ ማታ 1:45

እኛ ሰንዳፋዎች ብርዱን የምናውቀው ሌላ ነው፣ እስቲ የሞቀውን ወይን ላንሳ። ጀርመኖች በገና ሰሞን ግሉቫይን የሚሉትን እኔ በሐምሌ እሠራዋለሁ። ከቀዮቹ ርካሹን ደረቅ እወስዳለሁ፣ አንድ ጠርሙስ። ሁለት እንጨት ቀረፋ፣ አምስት ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ ነጩ ሳይገባበት፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ማር። ቅመሙን መጀመሪያ በትንሽ ውሃና በማሩ አፈላዋለሁ፣ መዓዛው ከወጣ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጌ ወይኑን እጨምራለሁ። ከዚያ ወዲያ አይፈላም! እንፋሎት ብቻ ሲያወጣ ይነሳል። አልኮል በባሕር ጠለል ከፍታ በ78 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ፈልቶ ከቆየ የሚቀረው የመረረ ጭማቂ ነው።

ጣፋጩን ወይን ለዚህ አልመክርም፣ ማሩን በራስ ልክ መጨመር ይሻላል።

---

ማሕሌት_ለገጣፎ | ሐምሌ 9፣ ማታ 2:20

ሰንዳፋ፣ ኮረሪማ ብጨምርበትስ?

---

ሰንዳፋ_ብርድ | ሐምሌ 9፣ ማታ 2:31

ሁለት ፍሬ፣ ተፈልፍሎ ሳይፈጭ። ከበዛ ቡና ያስመስለዋል፣ በልኩ ከሆነ ግን ከብርቱካኑ ጋር በጣም ይስማማል።

---

ዝዋይ_ዳር | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 2:10

ከባቱ ነው የምጽፈው። አዲስ አበባ ዙሪያ ያላችሁ ስለ እኛ አገር ወይን ስትወያዩ ደስ ብሎኝ ነው። ወይን በብዛት የሚተከለው ከምድር ወገብ ርቆ፣ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ኬክሮስ ባለው ቀበቶ ነው። እኛ 8 ዲግሪ አካባቢ ነን። ያዳነን ከፍታው ነው፦ ሐይቁ ዳር ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ፍሬው ስኳር እየሠራም ኮምጣጣነቱን በሙሉ አያጣም።

ሌላው ልዩነት፣ አውሮፓ ውስጥ በረዶው ተክሉን ያስተኛዋል። ሞቃት አገር ግን ተክሉ በራሱ አይተኛም፣ ሰው ነው ገርዞ መቼ እንደሚያቆጠቁጥ የሚወስንለት። የካስትል ወይን እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው እዚህ ይበቅላል ብሎ አላመነም ነበር። የተተከሉት ዝርያዎች የፈረንሳይ ናቸው። ካቤርኔ ሶቪኞን ብቻ ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የዘረመል ጥናት ወላጆቹ ካቤርኔ ፍራንክ የሚባለው ቀይና ሶቪኞ ብላን የሚባለው ነጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ያ የቃሪያ ሽታ ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰው ነው።

---

እሌኒ_የካ_አባዶ | ሐምሌ 10፣ ቀን 6:50

አንድ ጥያቄ አለኝ። ፍልሰታ ሲገባ እኔ አልጠጣም፣ እናቴ ግን በጾም ቀን ወይን ቀምሳ «ይህ እንቁላል አለበት ይባላል» አለችኝ። እውነት ነው?

---

ባለሆቴል_ልጅ | ሐምሌ 10፣ ቀን 8:15

እናትሽ የሰሙት መሠረት አለው። ወይን ከተብላላ በኋላ ደፍርሶ ስለሚቆይ የሚያጠራ ነገር ይጨመርበታል። በዱሮው አሠራር ለቀይ ወይን የእንቁላል ነጭ፣ ለነጩ የዓሣ ጄላቲን ወይም ከወተት የሚወጣ ኬሲን ይገባ ነበር፣ ዛሬም የሚጠቀሙ አሉ። ድፍርሱን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጥና ወይኑ ከላይ ይቀዳል። ሌሎች ደግሞ ቤንቶናይት በሚባል የሸክላ አፈር ያጠራሉ፣ እሱ ከእንስሳት የሚመጣ ነገር የለበትም። የትኛው ወይን በምን እንደጠራ የሚያውቀው ፋብሪካው ነው፣ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። የጾሙን ሥርዓት ደግሞ የንስሐ አባታችሁ ቢነግሯችሁ ይሻላል።

---

አወያይ | ሐምሌ 10፣ ቀን 10:00

ውይይቱ መልካም ነው፣ ይቀጥል። ሁለት ማሳሰቢያ፦ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ የቅምሻ ግብዣ የምታዘጋጁ ይህን አስቡበት። ሁለተኛ፣ 150 ሚሊ ሊትር 12 በመቶ ወይን ውስጥ ያለው አልኮል አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ካለው ጋር ተቀራራቢ ነው። በጭጋግ ከሱሉልታ ቁልቁል፣ ወይም ከለገጣፎ ወደ ከተማ የሚነዳ ሰው እየቀመሰ ይትፋው፣ ወይም እዚያው ይደር። ባለሙያዎቹም ይተፉታል፣ ማንም አይቀየምም።

---

ማሕሌት_ለገጣፎ | ሐምሌ 13፣ ቀን 5:25

ትናንት አደረግነው። እህቶቼና ሁለት ጎረቤቶች ሆነን ተዋጥተን ሦስቱን ገዛን። ከሁሉ በፊት የሻዩ ብርጭቆ ነው ያስገረመን፤ ታናሽ እህቴ ድዷን በጣቷ እየነካች «ይሄ ነው እንዴ ወይን የሚያስጠላኝ?» አለች። ከዚያ ሦስቱን ስንቀምስ ካቤርኔውን ገፍታ ሜርሎውን መረጠች፣ ምክንያቷንም በትክክል ተናገረች፦ ብዙም አያደርቅም አለች። ቃሪያውን እኔ አገኘሁት። ቁንዶ በርበሬውን ከመካከላችን አንዷ ብቻ ናት ያገኘችው፣ እሷም ከስኒው ጋር እያመላለሰች አሽትታ ነው።

አሁን ከየጠርሙሱ ሢሶ ሢሶ ተርፏል። ምን ላድርገው?

---

የሱሉልታ_ነዋሪ | ሐምሌ 13፣ ቀን 6:40

እሰይ! እህትሽ ምክንያቷን መናገሯ ነው ዋናው።

የተረፈውን እንዲህ አድርጊው። ወይንን የሚጎዳው በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ፣ ማለትም አየሩ ነው። በደንብ የታጠበና የደረቀ ትንሽ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ወስደሽ እስከ አፉ ሙይው፣ ክዳኑን አጥብቂ፣ ፍሪጅ ውስጥ አቁሚው። ቀዩም ቢሆን ፍሪጅ ይግባ፣ ከመጠጣትሽ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ አውጪው። እንዲህ ሆኖ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። በየቀኑ ትንሽ እየቀመስሽ ምን እንደሚለወጥ መዝግቢ፣ ይህም ትምህርት ነው። ታኒን የበዛበት ካቤርኔ ከሜርሎው ይልቅ ሲቆይ ታያለሽ ብዬ እገምታለሁ።

ከዚያ ካለፈና ከኮመጠጠ አትድፊው። አፉ ሰፊ ብልቃጥ ውስጥ አድርገሽ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሸፍኚው፣ ሞቅ ያለ ጨለማ ጥግ ላይ አስቀምጪው፤ ምድጃው አጠገብ ያለው መደርደሪያ ይሆናል። አሁን አየሩ ይፈለጋል፣ ባክቴሪያው አልኮሉን ወደ አሲድ የሚለውጠው በአየር ነው። በዚህ ብርድ ከወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ያልተጣራ አቼቶ ትንሽ ከጨመርሽበት ግን ይፈጥናል። ለመስቀል ሰላጣው ላይ የራስሽን አቼቶ ታደርጊያለሽ።

---

ማሕሌት_ለገጣፎ | ሐምሌ 13፣ ቀን 6:52

ካቤርኔውንና ሜርሎውን ለየብቻ ነው የማስቀምጠው። ሲራውን ዛሬ ማታ ከጥብስ ጋር እንጨርሰዋለን።